ዘመም ያለ ወንበር

ከአዌቱ ማዶ ነኝ፣ ከእንጨት ተራው ጥግ፣
ወንበር ነው ሥራዬ፣ ስጠርብ ስልግ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከዋንዛ ግንድ ውስጥ
እግር አወጣለሁ ለሰው መቀመጥ።
የምክር ቤቱ ወንበር ግን በሌላ ይሠራል፣
በወረቀት ቁራጭ፣ በጣት ቀለም ይቆማል።

ሐሙስ ዕለት መጣች፣ መራጭ ልታነጋግር፣
ወይዘሮ ሙኒራ አባ ቡልጉ።
መድረኩ ባዶ ነው፤ ከኔ ሱቅ ወሰዱ፣
ሁለት በርጩማ ጭነው በባጃጅ ነጐዱ።
እኔም ተከተልሁ ወንበሬን ፍለጋ፣
አዳራሹ ሞልቶ ቆምሁ ከበሩ ጋ።

«ሣጥኑ ይታሸግ ቁጥር ባለው ማኅተም፣
ሌሊት ሲያድር እንኳ ታዛቢ አይለየውም፤
መታወቂያ የሌለው ድምፅ አይሰጥም ከቶ፣
ሙት ከመቃብሩ አይመርጥም ተነሥቶ።»
አጨበጨብን ሁሉ። እኔማ እጄ እስኪቀላ፦
አጎቴ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎ
ስሙን አግኝቻለሁ ከነፊርማው ተጽፎ።

ወደ መብት ዞረች፦ «ያለ ፍርድ ቤት ቃል
ሌሊት በር ተንኳኩቶ ሰው እንዴት ይወሰዳል?
በስሙ በቋንቋው፣ በሻሽ ወይ በማተብ
እንዴት ሰው እንደ እህል በዓይነት ይመደብ?»
ይኼን ስትናገር ወረቀት አላየችም።
አባቷ ታስሮ ነበር ይላሉ። አልጠየቅሁም።

ከዚያ መነጽሯን አደረገች፣ ማንበብ ጀመረች፦
«ቡና ሲደርስ ወዲህ የሚጐርፈው ሰው
ይመዝገብ መጀመሪያ፤ ከየት ነው? የማን ነው?
ከተማው ጠብቧል፣ የቤት ኪራይ ንሯል፣
የመታወቂያው ነገር ይጠናል፣ ይታያል።»

ዶያሞ ከጎኔ ነው፣ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ዱቄት።
ከከምባታ መጣ ለአንድ ወር ለቀማ፤
ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ እኔ ዘንድ ሲጠርብ።
«መሸኛ አምጣ» ይሉታል እዚህ፤
እዚያ ሲሄድ ደግሞ «ከለቀቅህ ቆየህ፣ መዝገብህ ተዘጋ።»
ሚስቱ ሂርማታ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣
ልጁ ሦስተኛ ክፍል በሁለት ቋንቋ «ጅማ» ብላ ትጽፋለች።
እሱ መሬት መሬት ያያል። እጄን አወጣሁ።

ሕግ አላውቅም። የማውቀውን ተናገርሁ፦
«ክብርት ሆይ፣ የተቀመጡበት ከሱቄ የወጣ ነው።
ባለ አራት እግር ወንበር አንዱ እግሩ ቢያጥረው
ቋ ቋ ይላል፣ ይከሳል፣ ጌታውን ያስነሣል፤
ባለ ሦስቱ ግን ዝም ነው፤ ዘመም ይላል ብቻ።
ተቀማጩ አይሰማውም፣ ወገቡ እስኪያመው።
እርስዎ የሣጥኑን አረዘሙ፣ የመብቱንም አረዘሙ፣
የመጤውን አሳጠሩ፤ ያው እርስዎም ዘመሙ።»

ሳቁ። ኋላ ዝም አሉ።
ጎንበስ ብላ እግሮቹን ዳበሰች፦ «የቱ ነው ያጠረው?»
«የዚህስ እኩል ነው፤» አልሁ፣ «የጠረበው ይኼ ሰው ነው።»
ዶያሞ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣
ወዴት እንደሚገባ ጠፋው።

«አጭር እግር እንዴት ይረዝማል?»
«እንጨት አይረዝምም። ወይ ረጅሞቹ ይቆረጣሉ፣
ወይ አዲስ ግንድ ይመጣል።»
«ረጅሞቹን አላስቆርጥም፤» አለች ቶሎ። ልክ ናት።
ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ከሩቅ አይነበብም።
ቃል አልገባችም። ይኼ ደስ አለኝ፤
ቃል የገቡልኝ ደንበኞች ዱቤ ደብተሬን ሞልተውታል።

ማታ አንዱ በርጩማ ተመለሰ፤ ሌላው የለም።
ሾፌሯ መጣ፣ ሳይከራከር ከፈለ፣
ደረሰኝ ጠየቀ፣ «የሠሪው ስም ይኑርበት ብላለች።»
ዶያሞ እስክሪብቶውን እንደ መሮ ጨብጦ ጻፈ፣
የአባቱን ስም ጨምሮ፣ የአያቱንም፣
ቦታው አልበቃው ብሎ ኅዳጉ ላይ ወጣ።

ደረሰኝ መታወቂያ አይሆንም፣ አውቃለሁ።
ግልባጩ ግን እኔ ዘንድ ነው፣ ምስማር ላይ ሰክቼዋለሁ።
ይኸው ጠዋት ነው፤ ልጁ አዲስ ግንድ አጋድሟል፣
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
በስንዝር ይለካል።